ከዘመቻ ያልተመለሰውን በምን እናስታውሰው?



በአዊ ዞን፣ በአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ግምጃ ቤት የምትባል ከተማ አለች። «ግምጃ ቤት» የሚለው ቃል ትርጉሙ ለማናችንም አይጠፋንም፤ ክቡር ዕቃ የሚጠበቅበት ቤት ማለት ነው። በዚያች ከተማም ሆነ በእንጅባራ፣ በዳንግላም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል ብዙ ቤተሰብ የራሱ ትንሽ ግምጃ ቤት አለው። አልጋ ሥር በተቀመጠች ሣጥን ውስጥ የታጠፈ የወታደር ልብስ፣ ከግንባር የተጻፈ አንድ ሁለት ደብዳቤ፣ በደንብ ልብስ የተነሣ ፎቶግራፍ ይገኛል። ባለቤቱ ሄዷል፤ አልተመለሰም። ብዙ ጊዜም የተቀበረበትን ቦታ የሚያሳይ ሰው የለም።

ለመሆኑ ያቺን ሣጥን ለመጨረሻ ጊዜ የከፈታችኋት መቼ ነው? ልጆቻችሁስ ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ማን እንደ ሆነ ያውቃሉ? ከስሙና «ጦርነት ላይ ሞተ» ከሚለው ቃል ሌላስ ስለ እርሱ ምን ነግራችኋቸዋል?

ይህ ጥያቄ በተለይ ለእኛ ለወንጌል አማኞች ከባድ ነው። ለምን እንደሚከብድ ከማየታችን በፊት ግን አገሩ የወደቁበትን እንዴት እንደሚያስታውስ እንመልከት።

ፈረሱን እንኳ ያልረሳ ሕዝብ

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሄደ ሰው የሚያየውን አይረሳም። ከየወረዳው የመጡ ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን በጌጥ አሸብርቀው ሜዳውን ይሞሉታል። ይህ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓል ነው። መነሻው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የተደረገው ጦርነት ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ሲዘምቱ የአገው ምድር ፈረሰኛም አብሮ ዘምቷል። ማኅበሩ የሚዘክረው የዘመቱትንና የወደቁትን ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ሰው ተሸክመው፣ ስንቅ ጭነው፣ ጥይት የበላቸውን ፈረሶችም ጭምር ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ጣሊያን ከአገራችን ገና አልወጣም ነበር፤ ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የሄደው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ይህ ሕዝብ የቀደሙትን ዘማቾች በማኅበር ለማሰብ የተነሣው ጠላት በደጁ ቆሞ ሳለ ነው። ማስታወስ ሰላም ሲሆንና ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ነገር ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ባልጀመሩት ነበር።

ሆኖም የአገር በዓል የሚያስበው ሁሉን በአንድነት ነው። «ጀግኖቻችን» ይላል፤ «ሰማዕታት» ይላል። ያ ልጅ ከብት ሲጠብቅ ምን ያንጎራጉር እንደ ነበር፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ለእናቱ እንዴት እንደ ላከ፣ ሲቆጣ ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ለሚስቱ በደብዳቤ ምን ብሎ እንደ ቀለደ አደባባይ ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚያውቀው ቤት ብቻ ነው። ቤት ዝም ካለ የሚናገርለት የለም።

ተዝካሩን ትተን ምን ያዝን?

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በአዊ ዞን ከአሥር ሰው ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ነበር። የወንጌል አማኙ ቤተሰብ እንግዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም፣ ብዙ ጊዜም እናትና አባቱ ሣልስትና አርባ፣ ሙት ዓመትና ተዝካር የሚያወጡ ናቸው። የወታደሩ አስከሬን ባይመጣ እንኳ መርዶ በተነገረ ቀን ልብሱ ይዘረጋል፣ ፎቶግራፉ ይያዛል፣ አልቃሽ ስሙንና ሙያውን እየጠራች ታስለቅሳለች። ዓመት ሲሞላ ደግሞ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ስሙ ይጠራል።

እኛ ለሞተ ሰው ነፍስ ተብሎ የሚደረገውን ሥርዓት በእምነታችን ምክንያት ትተናል። በዚህ ላይ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነገር ግን በቅንነት እንጠያየቅ፤ ተዝካሩን ስንተው ማስታወሱንም አብረን አልተውንም ወይ? በብዙ ቤቶች የሚሆነው እንዲህ ነው። መርዶ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ትሰበሰባለች፤ መዝሙር ይዘመራል፣ ቃል ይነገራል፣ የማጽናኛ ፕሮግራም ይደረጋል። በሳምንቱ ወንበርና ድንኳን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሚስቲቱ ስሙን ስታነሣ «እህቴ፣ ጌታን አመስግኚ እንጂ አታልቅሺ» ትባላለች። እናቱ ስታነባ እምነት እንደ ጎደላት ይቆጠራል። ዓመት ሲሞላ ጎረቤት «ዛሬ ዓመቱ አይደለም ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ እኛ ቀኑን እንኳ ረስተነዋል።

ይህ እምነት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳናዝን አስተማረን እንጂ ፈጽሞ እንዳናዝን አላዘዘንም (1ተሰ 4፥13)። እስጢፋኖስን የቀበሩት መንፈሳውያን ሰዎች ታላቅ ልቅሶ አልቅሰውለታል (ሐዋ 8፥2)። ዶርቃ ስትሞት መበለቶቹ የሠራችላቸውን ልብስ እያሳዩ አለቀሱ (ሐዋ 9፥39)። እነዚህ ሴቶች የያዙት ያው የእኛን የሣጥን ዕቃ ነው። ጴጥሮስ መጥቶ ልብሱን አጥፋችሁ አስቀምጡ አላላቸውም።

ዳዊት ለወደቁት ምን አደረገ?

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በጦርነት የወደቁ ብዙ ወታደሮች አሉ። ከእነርሱ መካከል በዳዊት ዙሪያ ያሉትን ብንመለከት ሦስት ነገር እንማራለን።

1. ስማቸውን ጻፈ፦ በ2ኛ ሳሙኤል 23 የዳዊት ኃያላን ስም ዝርዝር አለ፤ በጠቅላላው 37 ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ በገባዖን ጦርነት ገና በወጣትነቱ የተገደለው አሣሄል ይገኛል። በመጨረሻ የተጻፈው ደግሞ ኬጢያዊው ኦርዮ ነው። ኦርዮ እንዴት እንደ ሞተ ሁላችንም እናውቃለን፤ ንጉሡ ራሱ ነው ወደ ሞት የሰደደው። የአሟሟቱ ታሪክ ለቤተ መንግሥቱ ውርደት ቢሆንም ስሙ ከዝርዝሩ አልተፋቀም። ማቴዎስም የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ኦርዮን ሳይጠራ አላለፈም (ማቴ 1፥6)። የወታደር ስም በሞቱ ምክንያት፣ ወይም ጦርነቱ በኋላ ስሙ ስለ ጠፋ መቅረት የለበትም።

2. ሕይወታቸውን ተናገረ፦ ሳኦልና ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ ሲወድቁ ዳዊት የሙሾ ቅኔ ተቀኘላቸው፤ የይሁዳ ልጆችም እንዲማሩት አዘዘ (2ሳሙ 1፥17-27)። ዳዊት በዚያ ቅኔ ዮናታን በምን ቦታ እንደ ቆሰለ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደ ወደቀ አይዘረዝርም። የሚናገረው ስለ ቅልጥፍናቸው፣ ስለ ብርታታቸው፣ ስለ ወዳጅነታቸው ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ወንድማችን የምንነግረው አሟሟቱን ብቻ ነው። ሃያ አምስት ዓመት የኖረ ሰው በአንዲት ቀን ታሪክ ይጠቀለላል። ልጁ አባቱ የሞተበትን ግንባር ያውቃል፤ አባቱ ምን ይበላ እንደ ነበር፣ ምን ያስቀው እንደ ነበር ግን አያውቅም።

3. ልጃቸውን ፈለገ፦ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ዳዊት ስለ ዮናታን ቸርነት የሚያደርግለት ሰው ከሳኦል ቤት ቀርቶ እንደ ሆነ ጠየቀ። ሜምፊቦስቴ ከሎዶባር ተፈልጎ መጣ፤ የአያቱ እርሻ ተመለሰለት፤ በንጉሡ ማዕድ ዘወትር ተቀመጠ (2ሳሙ 9)። ልጁ ሽባ የሆነው እንዴት ነበር? አምስት ዓመት ሲሆነው የአባቱ መርዶ ከኢይዝራኤል መጣ፤ ሞግዚቱ ደንግጣ ይዛው ስትሮጥ ወደቀ (2ሳሙ 4፥4)። ጦርነቱ አባቱን በተራራ ላይ ገደለ፤ ልጁን ደግሞ በቤቱ ውስጥ ሰበረው። ዳዊት ወዳጁን ያስታወሰው የተሰበረውን ልጅ በማንሣት ነው።

በእኛም አገር የዚህ ምሳሌ አለ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ከ120 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ዘማቾቹ በዶንግዱቾን ወላጅ ያጡ የኮሪያ ልጆች የሚያድጉበት ቤት አቋቁመው ነበር። ኮሪያውያን በተራቸው በ1960 ዓ.ም. በቹንቾን ከተማ ሐውልት አቆሙላቸው። ግን በሐውልት ብቻ አልተወሰኑም። ከብዙ ዘመን በኋላ የዘማቾቹን ልጆችና የልጅ ልጆች በትምህርት ዕድልና በእርዳታ አስበዋል። የሩቅ አገር ሰው የወታደራችንን የልጅ ልጅ ካሰበ፣ በአንድ አጥቢያ አብራን የምታመልክ እህት ልጇን ለትምህርት ቤት ደብተር መግዛት ሲያቅታት እኛ ምን እንላለን?

ለልጁ እውነቱን ንገሩት

በአገራችን መርዶን ከልጅ መደበቅ የተለመደ ነው። «አባትህ ሩቅ አገር ነው፣ ይመጣል» ይባላል። ልጁ ግን የሰውን ፊት ያነብባል፤ ሰፈር ውስጥ የጨዋታ ጓደኛው በጠብ መካከል ይነግረዋል። ያን ጊዜ ሁለት ሐዘን ያዝናል፤ አንደኛው የአባቱ ሞት፣ ሁለተኛው እናቱ የዋሸችው መሆኑ። ሜምፊቦስቴን የሰበረው የመርዶው አመጣጥ መሆኑን አስቡ። ልጁ በሚረዳው ቃል፣ በሚወድደው ሰው አፍ፣ ጭኑ ላይ ተቀምጦ ይስማው። «አባትህ ሞቷል። አይመለስም። ይወድድህ ነበር። እኛ አለንህ» ማለት ይበቃል። ሌላውን እያደገ ይጠይቃል፤ በጠየቀ ቁጥር መልሱለት።

መርዶ ያልደረሰላት ሚስት

ከሁሉ የሚከብደው የሞቱ ወሬ እንኳ ያልመጣለት ሰው ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል በተደረገው ጦርነት ያለቀው ሰው በአሥር ሺዎች እንደሚቆጠር ይገመታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተደረገውም ጦርነት እጅግ ብዙ ቤት አጉድሏል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል «ይኑር ይሙት አናውቅም» የሚሉ ሚስቶችና እናቶች ጥቂት አይደሉም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። በር ሲንኳኳ ይነሣሉ።

ያዕቆብ ዮሴፍን ያለቀሰው አስከሬን ሳያይ፣ በደም የተነከረ ቀሚስ ብቻ ይዞ ነበር (ዘፍ 37፥31-35)። ልጆቹ ሊያጽናኑት ቢነሡ መጽናናትን እንቢ አለ። ስለዚህ ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለችውን እህት «ቁርጥሽን እወቂ» ብላችሁ አታስጨንቋት፤ «ጌታ ይመልሰዋል ብሎ ተናግሮኛል» ብላችሁም በማታውቁት ነገር ልቧን አትስቀሉት። ሁለቱም ያቆስላሉ። ከእርስዋ ጋር ተቀመጡ፤ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩ።

በሕግ በኩልም መንገድ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ መጥፋቱ እንዲወሰን ይፈቅዳል። ውሳኔው በጋብቻም በንብረትም ላይ ውጤት አለው። ይህን ማድረግ ባልን መካድ አይደለም። መቼ ልታደርገው እንደሚገባ ግን የምትወስነው እርስዋ ናት፤ አማቶችም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ሊያጣድፏት ወይም ሊከለክሏት አይገባም።

ሁለተኛው ባልና ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ በአደባባይ የማይነሣውን ጉዳይ እናንሣ። ባሏ የሞተባት ሴት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ልታገባ ነፃ ናት (1ቆሮ 7፥39)። ጌታ መልካም ሰው ሰጥቷት ታገባለች እንበል። የወታደሩ ልጅ አብሯት አለ። ፎቶግራፉስ ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ወንድሜ፣ አንተ ሁለተኛው ባል ከሆንህ ይህን ልንገርህ። በግድግዳው ላይ ያለው ሰው ተቀናቃኝህ አይደለም። ሚስትህ አንዳንድ ቀን ዝም ስትል፣ በሬዲዮ የጦርነት ወሬ ሲሰማ ዓይኗ እንባ ሲሞላ፣ ፍቅርህ አልበቃ ብሏት አይደለም። «እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብለህ የጠየቅሃት ቀን ትዳራችሁ ይጸናል እንጂ አይናጋም። ልጁም አባቱን በፊትህ ሳይፈራ ሊጠራ ከቻለ አንተን አባቴ ለማለት አይከብደውም። የአባቱን ስም ከልጁ ስም ላይ ልትለውጥ አትቸኩል፤ ከአባቱ የቀረው ርስት እርሱ ሊሆን ይችላል።

እህቴ፣ አንቺም የፊተኛውን በኋለኛው ላይ አታወዳድሪ። የሞተ ሰው አይሳሳትም፤ ጭቃ ይዞ አይገባም፤ ወጥ ጨው በዛበት አይልም። ስለዚህ ሕያው ባል በሙት ሰው ሚዛን ሲለካ ሁልጊዜ ይቀልላል። ባልሽን በእውነት አስታውሺው፤ ደግነቱንም ቁጣውንም። እውነተኛ ሰው አድርገሽ ካስታወስሽው ለአሁኑም ባልሽ ቦታ ይኖረዋል። ፎቶግራፉ የት ይቀመጥ የሚለውን ደግሞ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ወስኑ። የልጁ ክፍል ብዙ ጊዜ መልካም ቦታ ነው።

በማን ወገን ወደቀ?

ሌላም ቁስል አለ። በአገራችን በቅርብ ዓመታት በተደረጉት ጦርነቶች ወንድማማቾች በተለያየ ወገን ተሰልፈው ወድቀዋል። ከአንድ ቀበሌ ሁለት እናቶች የሁለት ወገን ሙት ያለቅሳሉ። አንዷ ቤት ሰው ይሞላል፤ የሌላዋን ደጅ ሰው በፍርሃት ይሸሸዋል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ልታደርግ አይገባትም። ዳዊት ያሳድደው ለነበረው ለሳኦል አለቅሷል። የተቃዋሚው የጦር አለቃ አበኔር ሲገደልም ከቃሬዛው በኋላ እየሄደ አልቅሶ ቀብሮታል (2ሳሙ 3፥31-32)። ለቅሶ መድረስ ለጦርነቱ ድምፅ መስጠት አይደለም፤ ለእናቲቱ መድረስ ነው። ስለ ነፍሱም ቢሆን «ድኖ ነበር ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በለቅሶ ቤት አታንሡ። ፍርዱ የቅኑ ዳኛ ነው።

በቤታችሁ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

• ሣጥኑን አንድ ላይ ክፈቱ። በዓመት አንድ ቀን፣ በልደቱ ቀን ቢሆን ይመረጣል፣ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ዕቃውን አውጡ። የእያንዳንዱን ታሪክ ተናገሩ፤ ስለ ኖረበት ዘመን እግዚአብሔርን አመስግኑ። ልደቱን መምረጥ ከአሟሟቱ ይልቅ ሕይወቱን ለማሰብ ይረዳል።

• ሕያዋን ሳሉ ጠይቁ። እናቱ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ አብሮት የዘመተ ሰው ዛሬ አሉ፤ ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። የሚነግሯችሁን በደብተር ጻፉ። አያት በአገውኛ የምታስታውሰውን በአገውኛ ጻፉት።

• ደብዳቤውንና ሰነዱን ጠብቁ። ከዝናብና ከአይጥ በሚያስጥል ነገር አስቀምጡ፤ ቅጂም ይኑራችሁ። የጋብቻና የልደት ማስረጃ አይጥፋ። የሠራዊቱ አባል በግዳጅ ላይ ቢሞት ለትዳር ጓደኛው፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹና ይረዳቸው ለነበሩ ወላጆቹ ሕጉ የተተኪ ጡረታ ይፈቅዳል። ቢሮ ለቢሮ መመላለሱ ለሐዘንተኛ ሴት ከባድ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው አብሯት ይሂድ።

• ከጎረቤት አትለዩ። የኦርቶዶክስ ዘመዶቻችሁ ሙት ዓመቱን ሲያስቡ በእምነታችሁ የማትካፈሉት ነገር ቢኖር በፍቅር ንገሯቸው፤ ነገር ግን ያን ቀን ከእናቱ ቤት አትጥፉ። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መፍለጥ፣ አጠገቧ መቀመጥ የሚከለክል እምነት የለም።

• አጥቢያችሁ መዝገብ ይኑራት። ከምእመናን ቤት የወደቁትን ስም፣ የተዉትን ሚስትና ልጅ የምታውቅ ቤተ ክርስቲያን ዓመት ጠብቃ አትጠይቅም፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ክረምት ሲገባ፣ ጣሪያ ሲያፈስስ ታውቃለች።

ለባልና ሚስት መወያያ

1. በቤተሰባችን ከዘመቻ ያልተመለሰ ማን አለ? ስለ እርሱ እያንዳንዳችን ምን እናውቃለን?
2. ስሙ በቤታችን የማይነሣው ለምንድን ነው? ከሐዘን? ከፍርሃት? ወይስ ከቅናት?
3. በአጥቢያችን ለማን ልጅ ማዕድ ልናካፍል እንችላለን?

ውድ አንባቢያን፣ አገር ለወደቁት ሐውልት ያቆማል፤ መልካም ነው። ሐውልት ግን የሰውን ሳቅ አያውቅም። የዚያን ወታደር ሕይወት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እናንተ ካለፋችሁ በኋላ ልጆቻችሁ የሚያውቁት የነገራችኋቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ እራት ከተበላ በኋላ በስሙ ጥሩት፤ አንድ ታሪክም ስለ እርሱ ተናገሩ። የመጽናናት ሁሉ አምላክ የተሰበረውን ቤት ሁሉ ያጽናና፤ ለምድራችንም ሰላምን ይስጥ። አሜን።